ሐረጎን የሚወርድ ፍሬን ማን ፈረመበት?

ከደሴ የተነሣ ሚኒባስ ኮምቦልቻ እስኪደርስ የሚጓዘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከታች 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን የሐረጎ ቁልቁለት የሚያውቅ መንገደኛ ቁጥሩን ባይዝም ጆሮው ሲደፈን፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድና ከፊት ያለው የጭነት መኪና የፍሬን ሽታ ሲመጣበት ልዩነቱ ይገባዋል። ሰውና ጓዝ የሞላ ሚኒባስ 2.8 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን የሚያህል ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱ፣ ጎማውና በማርሽ የተያዘው ሞተር ድርሻ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረውን፣ በተለይም መታጠፊያው ሲበዛና ቁልቁለቱ ሲጠና፣ የሚሸከመው ፍሬን ነው።

ያ ሁሉ ፍሬን የሚታዘዘው በአንድ እጅ በምትያዝ ዕቃ ነው። ከፔዳሉ ጀርባ፣ የእግርን ኃይል በሚያግዘው ቡስተር ላይ በሁለት ዳዶ የሚታሰረው የፍሬን ማስተር ነው ዕቃው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በማስተሩ ውስጥ ያሉ ሁለት ፒስተኖች የፍሬን ዘይቱን እየገፉ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ጎማዎቹ ይልኩታል። ፒስተኖቹ ሁለት የሆኑት አንዱ መስመር ቢያፈስ ሌላው ግማሹን ፍሬን እንዲያተርፍ ነው። ዓለም እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1921 በአራቱም ጎማ የሃይድሮሊክ ፍሬን ይዞ ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ዱዘንበርግ መስመሩ አንድ ብቻ ስለነበር አንዲት ቱቦ ከተበጠሰች ሁሉንም ያጣ ነበር። አሜሪካ ሁለት መስመር ያለውን አሠራር በመኪና አምራቾቿ ላይ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ትልልቁ አውቶቡስና ሲኖትራክ በአየር ፍሬን ስለሚሠሩ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዶልፊኑ፣ አባዱላው፣ ፒክአፑ፣ አነስተኛው አይሱዙና ባጃጁ ግን በዘይት ነው የሚቆሙት፤ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው በየቀኑ የሚሳፈረውም በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

ማስተር ሲያረጅ ይቀየራል። ለሠለጠነ መካኒክ ይህ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ችግሩ ያለው ሥራው በሚሠራበት አኳኋን ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በባለንብረቱና በመካኒኩ መካከል በቃል ያልቃል። ምን ዕቃ እንደገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ ከተገጠመ በኋላ መፈተኑን የሚናገር ወረቀት አይኖርም። በዚያው መኪና በማግሥቱ ሐረጎን የሚወርዱት ተሳፋሪዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊያውቁት የሚገባቸው ሆነው ሳለ የሚጠይቁበት መንገድ የላቸውም። ይህ መቆም አለበት። ፍሬኑ የተነካ ማንኛውም የሕዝብ ማመላለሻ የጥገና መዝገብ ሊኖረው፣ ሥራውን የሠራው ሰውም ስሙን ጽፎ ሊፈርምበት ይገባል።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የዚያን አደጋ ምክንያት መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ወሎ ውስጥ ከመንገድ የወጣ መኪና የሚያርፍበት ሜዳ እንደሌለው ግን ያ ቀን ለሁሉም አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። እንዲህ ባለ አገር፣ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የፍሬን ጥገና የሁለት ሰዎች የግል ውል ሆኖ መቀጠል የለበትም።

የማስተር ክፋቱ አበለሻሸቱ ነው። ቱቦ ሲበጠስ ዘይቱ መሬት ላይ ይታያል፤ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል። ማስተር ግን ከውጭ ደረቅ እንደሆነ ከውስጥ ያልቃል። ፒስተኑ ዙሪያውን የላስቲክ ጎሚኒ ለብሷል። ጎሚኒው ሲደርቅ ወይም ጠርዙ ሲበላ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ መሄዱን ትቶ በጎሚኒው ጠርዝ እየሾለከ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጠብታ ወደ ውጭ አይወጣም፣ የዘይት ማጠራቀሚያውም አይጎድልም፤ ፔዳሉ ግን ከእግር ሥር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሹፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲረግጠው ተመልሶ ይጠነክርለታል። ደጋግሞ መርገጡ ስለሚሠራለት ለሳምንታት በዚሁ ይነዳል፣ ዘዴውን እንደ መኪናው ጠባይ ይለምደዋል፣ ለተተኪ ሹፌርም «ደገም አድርገህ ርገጠው» ብሎ ያስረክባል። የኋለኛው ጎሚኒ ሲያረጅ ደግሞ ዘይቱ ወደ ቡስተሩ ሆድ ይፈሳል። አሁንም መሬት ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ማጠራቀሚያው ግን በየጊዜው ይጎድላል። ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሞላል፤ ዘይቱ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም።

ቁጥጥር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪኖች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዛል፤ ቦሎ የሚለጠፈው ምርመራውን ላለፈ ነው። የፍሬን መፈተሻ ማሽን ባለበት ጣቢያ ጎማዎቹ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ቆመው እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያለቀ ሸራንና የግራና የቀኝ አለመመጣጠንን ያጋልጣል። እዚያ ላይ ግን ፔዳሉ የሚረገጠው በኃይልና ለአጭር ጊዜ ነው። ያረጀ ጎሚኒ ደግሞ ድንገተኛ ግፊት ሲመጣበት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ለአፍታ ሊይዝ ይችላል። ይበልጥ የሚከዳው በለስላሳው ተረግጦ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ነው፤ ሹፌር ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ የሚረግጠውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና በደንብ ቦሎውን ለጥፎ ወጥቶ፣ በዚያው ሳምንት ሐረጎ ላይ ፔዳሉ ሊሰምጥበት ይችላል። በምርመራው ላይ ማንም አላጭበረበረም፤ ምርመራው ይህንን ብልሽት ለመያዝ የተበጀ ስላልሆነ ነው።

ይህን ብልሽት የሚይዘው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ረግጦ አንድ ደቂቃ መያዝ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ሞተሩ ሲነሣ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ቡስተሩ መሥራቱን ያሳያል፤ ይህ ጤና ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ መውረዱን ከቀጠለና በየትኛውም ጎማና ቱቦ የሚያፈስ ነገር ካልተገኘ፣ ተጠርጣሪው ማስተሩ ነው።

አሁን ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ኪት ይቀየር ወይስ ሙሉው? ኪት ማለት ጎሚኒዎቹን ብቻ መቀየር ነው፤ ዋጋውም ከሙሉው ማስተር በእጅጉ ያንሳል። ማስተሩ ይፈታል፣ ውስጡ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ አዲስ ጎሚኒ ይገባለታል። ባለንብረቱ ቅር ሲለው «አብሽር፣ ይይዛል» ይባላል። ይይዛልም፤ ለጊዜው። አካላቸው ከብረት ለተሠሩ የድሮ ማስተሮች ይህ በጥንቃቄ ከተሠራ የታወቀ ጥገና ነበር። የዛሬዎቹ ግን አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ የውስጥ ግድግዳቸውም በፋብሪካ የጠነከረ ስስ ሽፋን አለው። ብርጭቆ ወረቀቱ መጀመሪያ የሚገፈው ያንን ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለው ለስላሳ አሉሚኒየም በዘይቱ ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው መቦርቦር ይጀምራል፤ ቡርቦራው ደግሞ አዲሱን ጎሚኒ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ባለንብረቱ ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የገዛው የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው ፍሬን ነው። ሰው በሚጭን መኪና ላይ የአሉሚኒየም ማስተርን በኪት ማደስ ሊከለከል ይገባል። ጠንካራ ቃል ነው፤ ቢሆንም ሐረጎ ላይ መሀል ሰፋሪ አቋም ለመያዝ ቦታ የለም።

ስለ ማስተር ብዙም ያልተነገረ ሌላ ነገር አለ። መኪናው ሸራ ብቻ ለማስቀየር ይገባል፤ አየር ለማውጣት ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ደጋግሞ ይረግጣል። በአዘቦቱ ጉዞ ፒስተኑ የሚመላለሰው በተወሰነች ርቀት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ለዓመታት ዝገትና ዝቃጭ ሲያጠራቅም ኖሯል። ፔዳሉ ወለሉን ሲነካ ጎሚኒው በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ይጎተትና ይተለተላል። በሦስተኛው ቀን ፔዳሉ መስመጥ ሲጀምር ባለንብረቱ ሸራውን ይጠረጥራል። ከፔዳሉ ሥር አንዲት ቁራጭ እንጨት ማኖር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ባለንብረቶች ለምን ኪት እንደሚመርጡ ለመረዳት ከባድ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ደሴ ያለ ባለሱቅ ደግሞ በ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው የሚያስመጣው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ አሮጌ መኪኖች ከተለመደው ዕድሜያቸው በላይ እንዲያገለግሉ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል። ያረጀ መኪና ደግሞ ያረጀ ማስተር ማለት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ማስተር ለመግዛት የሚከብደው ባለሚኒባስ ስግብግብ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። የፍሬን ዕቃ ከሌላው መለዋወጫ ተለይቶ ከቀረጥና ከታክስ እፎይታ ቢያገኝ መንግሥት የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያተርፈው ግን ሕይወት ነው።

ዕቃው ተገዛ እንበል። ለዶልፊን ተብሎ የተሸጠ ማስተር ሁሉ ለዚያ ዶልፊን አይሆንም። በአካሉ ላይ የውስጥ ስፋቱን የሚናገር ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ 7/8 ኢንች፣ 15/16 ኢንች፣ 1 ኢንች። ሁለቱ ዳዶዎች ስለገጠሙ ብቻ በ7/8 ፋንታ የ1 ኢንች ማስተር ቢታሰር የፒስተኑ ስፋት በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህም የተነሣ በተመሳሳይ የእግር ኃይል የሚወጣው ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል። የሚያሳስተው ፔዳሉ ነው። አጭርና ጠንካራ ስለሚሆን ሹፌሩ ከጋራዡ በር ሳይወጣ «አሁን ፍሬን ሆነ» ይላል። ድካሙን የሚያውቀው ጭኖ ሲወርድ ነው። አሮጌውን ማስተር በእጅ ይዞ ሱቅ መሄድ፣ ቁጥሩን ከአዲሱ ጋር ማመሳከርና ያገለገለ ማስተር አለመግዛት፣ እነዚህ ሦስቱ ማንም ሰው ሳይማር ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው።

ዘይቱም እንደዚሁ። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ወይም በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ከመኪናው ከመግባቱ በፊት ረጥቧል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲስብ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። የዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ይታመቃልና ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ማስተሩ ምንም ሳይሆን። ፍሬኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ መርማሪው ሲመጣ የሚያገኘው የሚይዝ ፍሬን ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ወደ ፍሬን ማጠራቀሚያ መጨመርማ ጎሚኒውን በአጭር ጊዜ አሳብጦ ያበላሸዋል። የዘይት ጉዳይ ትልልቆቹንም አምራቾች አንበርክኳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ሲጠራ፣ በአሜሪካ ለተጠሩት 740,000 ገደማ መኪኖች ምክንያቱ የማስተሩ ጎሚኒ ነበር። በሌላ ዓይነት የፍሬን ዘይት ከተተካ ጎሚኒው በቂ ቅባት ሳያገኝ ሊደርቅና ሊያፈስ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። ያ የሆነው በየጊዜው ወደ ጥገና የሚገቡ፣ መዝገብ ያላቸው መኪኖች ላይ ነው። ብልሽቱ የተገኘውና መኪኖቹ በስማቸው የተጠሩትም መዝገብ ስላለ ነው።

ጥሩና ደካማ መካኒክ የሚለዩት ግን መግጠሙ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የቱቦዎቹ ዳዶ ነው። በክረምት ዝናብና ጉም የሚኖር የደሴ መኪና ዳዶው ዝጎ ይጣበቃል፤ በልኩ ቁልፍ ፋንታ በፒንሳ የያዘው ሰው ጠርዙን ያሟልጠዋል፣ ወይም ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። የተጠማዘዘ ቱቦ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈስሳል። ሁለተኛው አዲሱ ማስተር ከመታሰሩ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ማስተሩ በሞርሳ ላይ አግድም ይያዛል፣ ከሁለቱ መውጫዎቹ ትንንሽ ቱቦዎች ወደ ራሱ ማጠራቀሚያ ይመለሳሉ፣ ዘይት ይሞላል፣ ፒስተኑም በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ተብሎ እየተገፋ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል። ይህን የዘለለ መካኒክ ማስተሩ ውስጥ የቀረውን አየር በጎማዎቹ በኩል ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል። በመጨረሻም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ሲቀርበት «ዕቃው ኮፒ ነው» ብሎ ሱቁን ይወቅሳል። ብዙ ጥሩ ማስተር በዚህ ምክንያት ስሙ ጠፍቷል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ተረስቷል። ከቡስተሩ ወጥታ የማስተሩን ፒስተን የምትገፋ ዘንግ አለች። በዘንጓና በፒስተኑ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ልኩ በየመኪናው ይለያያል። ዘንጓ ከረዘመች ፒስተኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ የሚመለስባት ቀዳዳ ተደፍና ትቀራለች፤ ሹፌሩ እግሩን ቢያነሣም ፍሬኑ በከፊል እንደያዘ ይቆያል። ሜዳ ላይ መኪናው ትንሽ ከበድ ከማለቱ በቀር አይታወቅም። በሐረጎ ግን ሸራው ያለዕረፍት ሲፋተግ ይግላል፣ የጋለው ዘይት ይበልጥ ያብጣል፣ ያበጠው ዘይት ፍሬኑን ይበልጥ ያስይዘዋል። ይህ ሁሉ በአዲስ፣ በእውነተኛ፣ ብዙ ብር በወጣበት ማስተር ላይ ሊደርስ ይችላል። የዚህችን ክፍተት ልክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መካኒክ ሳይለካ አያልፍም፤ የመዝገብ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው።

ከተገጠመና ከጎማዎቹ አየር ከወጣ በኋላ ፔዳሉ አንድ ደቂቃ ተይዞ ይፈተናል፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ መኪናው ባዶውን ሜዳ ላይ ከዚያም ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ ይነዳል፣ ሲመለስ ጎማዎቹ በእጅ ይዳሰሳሉ። የመጀመሪያው የቁልቁለት ፈተና በተሳፋሪዎች ላይ መደረግ የለበትም።

ደሴ ላይ ከሌላው አገር የሚለይ አንድ ነገርም አለ። የፔዳሉን ኃይል የሚያግዘው ቡስተር የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ ደሴ ላይ ያነሰ እገዛ ያገኛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በሞርቶ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ ያቺን የቀረችውን እገዛ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ይጨርሳታል፤ ሞተሩ በማርሽ የሚይዝለትንም ያጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ማስተሩ የሚኖረው ትርፍ አቅም ትንሽ ነው።

አደጋው በአብዛኛው የሹፌር ጥፋት ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። እውነትነት አለው፤ ፍጥነት፣ ድካም፣ ከልክ በላይ መጫንና በሞርቶ መውረድ የሹፌር ናቸው። ይሁንና ሕጉም ልማዱም ዓይናቸውን ሹፌሩ ላይ ብቻ ማድረጋቸው ሌላውን ጋርዶታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸውን ያነሣል፤ በስም የሚጠራቸውም ሐኪምንና ሹፌርን ነው። መካኒክም ያ የሙያ ግዴታ አለበት ብሎ መከራከር ይቻላል። የሠራው ሥራ በወረቀት ካልሰፈረ ግን ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት የሚይዘው ነገር የለም፤ ሹፌሩ ያልሠራውን ጥገና ተሸክሞ ይቆማል። ፊርማ መካኒኩን ለማሳሰር ብቻ የታሰበ እንዳይመስል። በጥንቃቄ የሚሠራውን መካኒክ «እኔ በልኩ ሠርቻለሁ፣ ማስረጃው ይኸው» እንዲል የሚያስችለውም እሱ ነው። ዛሬ ጎበዙና ግድየለሹ በአንድ ዋጋ ይሠራሉ፤ ባለንብረቱም የሚለይበት ምልክት የለውም።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፤ የታርጋ ቁጥር፣ ቀን፣ የገባው ማስተር ስምና ስፋት፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የዘንጓ ክፍተት ልክ፣ የአንድ ደቂቃው ፈተና ውጤት፣ የመካኒኩ ስምና ፊርማ። አንዱ ቅጂ በጋራዡ፣ አንዱ በመኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ አሮጌው ማስተር ደግሞ ለባለንብረቱ በእጁ ይሰጠዋል። በደሴ–ኮምቦልቻ መስመር መኪና የሚያሰማሩት የሁለቱ ከተሞች የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች መኪናው መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ የፔዳሉን ፈተና በየሳምንቱ ማድረግ ይችላሉ፤ ማሽን አያስፈልገውም፣ ተራ አስከባሪው ቆሞ ቢያይ ይበቃል። የሰመጠበት መኪና ቅጹን ይዞ እስኪመለስ ስምሪት አይሰጠው። ሥልጠናውንም ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎችን ያስተምራል። በሥራ ላይ ላሉት መካኒኮች የአንድ ሳምንት የፍሬን ሥልጠና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ማደል ለእነዚህ ተቋማት ከባድ ሥራ አይደለም፤ በልምድ የተካኑት አንጋፋ መካኒኮችም አሠልጣኝ ሆነው ቢገቡ ትምህርቱ ይበልጥ ሥር ይይዛል።

ጊዜውም አሁን ነው፤ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነሱ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ መኪናውን ስለሚይዝ ሸራቸው ብዙ አይደክምም። ደሴ ላይ ባትሪውን ሞልቶ የተነሣ መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ ስለማይኖረው የሐረጎን የመጀመሪያ መታጠፊያዎች የሚወርደው በዘይት ፍሬኑ ነው፤ ያ ፍሬን ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ማስተርና ጎሚኒ አለው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የፍሬኑ ሥራ ከኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በቃልና በልምድ ብቻ የሚሠራ ጥገና ይበልጥ ያስቸግራል። ቅጹ ዛሬ ለዶልፊኑ ከተጀመረ ለእነሱም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።